አውራ ጣቴ አብጧል፤ የገናን ፑል ልጫወት ወይስ ልቅር?

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 24 ዓመቴ ነው፤ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ውርጭ የያዘው ድንጋይ ላይ ተንሸራትቼ በግራ እጄ ተደግፌ ወደቅሁ። መዳፌ ትንሽ ተጫረ፤ አውራ ጣቴ ሥሩ ላይ አበጠ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ፤ ግን የፑል ስቲክ ሳሳርፍበት ያመኛል። የሰፈራችን ፑል ቤት ለገና ሰሞን የጥንድ ውድድር አዘጋጅቷል። እኔና ጓደኛዬ መግቢያ ከፍለናል፤ በጎንም ትንሽ ውርርድ አለ። ጓደኛዬ ‹በፋሻ ጥብቅ አድርገህ እሰረው፣ ዳይክሎፌናክ ዋጥና ተጫወት› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ወጌሻ ካላሸህ ብላ ይዛኛለች። ፑል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ምን ይሻለኛል?»
ጣቱ ያበጠው፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርህ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ፑል ትልቅ ነገር ነው ማለትህን ከልቤ ተቀብያለሁ። ቀኑን ሙሉ እንጨት ሲልግ የዋለ ወጣት ማታ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሞ አእምሮውን የሚያሳርፍበት ጨዋታ ነው። «ቅርብህ፣ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» የሚል መልስ ከእኔ አትጠብቅ።

ግን ልጫወት ወይስ ልቅር ከማለትህ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ። ጣትህ ወለምታ ነው ወይስ ስብራት? ጓደኛህ እሰረው ይላል፣ እናትህ ይታሽ ትላለች። ሁለቱም የሚያዝዙልህ ይህን ሳያውቁ ነው። እኔም ሐኪም አይደለሁም፤ እጅህንም አላየሁትም። ስለዚህ መጀመሪያ ራስህ እየው።

ግራ እጅህን በጎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። ትንሿ ጣትህ ከታች፣ አውራ ጣትህ ከላይ ይሁን። አሁን አውራ ጣትህን ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ለጥጠው። ከጣቱ ሥር ወደ አንጓህ የሚሄዱ ሁለት ጅማቶች ተወጥረው ይወጣሉ። በመካከላቸው ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። በቀኝ እጅህ ሌባ ጣት እሷን ቦታ ቀስ ብለህ ተጫን። ከዚያ ጤነኛውን እጅህንም እንዲሁ ተጫንና አወዳድር። በግራው በኩል «እህ!» የሚያሰኝ ሕመም ካለ፣ ወይም እብጠቱ ጎድጓዳዋን ሞልቶ ካጠፋት፣ ጉዳዩ የወለምታ ብቻ ላይሆን ይችላል።

እዚያ ሥር ስካፎይድ የምትባል፣ ባቄላ የምትመስል አጥንት አለች። ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ከተደገፈ ብዙ ጊዜ የምትሰበረው እሷ ናት፤ በተለይ በአንተ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ። ክፋቷ ስትሰበር አታስታውቅም። እጅ አይጣመምም። ጣት ይንቀሳቀሳል። ሕመሙም የሚቻል ነው። ስለዚህ ሰው «ወለምታ ነው፣ ይተወኛል» ብሎ ሥራውን ይቀጥላል። ደም የሚገባላት ደግሞ በብዛት ከጣቱ ወገን ባለው ጫፏ በኩል ነው። መሃሏ ላይ ከተሰበረች ወደ አንጓው ያለው ግማሽ ደም ሊያጣ ይችላል። ደም ያጣ አጥንት በቀላሉ አይገጥምም፤ ጭራሽ ሊሞትም ይችላል። ያኔ አንጓው ይደርቃል፣ ይቆረጥማል፣ ጥንካሬ ያጣል። «ጣቴን አንቀሳቅሳለሁ» ያልከኝ ለዚህ ነው ያላረጋጋኝ።

ሌላም ሞክር። አንድ ወረቀት በግራ አውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ ቆንጥጠህ ያዝና እናትህ ትሳበው። ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ፣ ወይም አውራ ጣትህ መገጣጠሚያው ላይ ወደ ሌባ ጣት ባለው ጎን ክፉኛ ካመመህ፣ እዚያ ያለው ጅማት ተጎድቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ይህም ችላ የሚባል አይደለም። ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ እስከ ቀዶ ሕክምና ሊያደርስ ይችላል፤ ሲዘገይ ደግሞ ሥራው ይከብዳል።

ከሁለቱ በአንዱ ካመመህ ነገ ዛሬ ሳትል ራጅ ተነሳ። አንተ ያለኸው ደብረ ብርሃን ነው፤ ሆስፒታሉ ከተማህ ውስጥ ነው። ራጅ ለመነሳት ከገጠር ቀበሌ በእግርና በመኪና ግማሽ ቀን የሚመጣ ስንት የመንዝ ሰው አለ! አንተ ለአንድ ባጃጅ ሂሳብ ብለህ አትቅር። ራጅ ክፍል ስትገባም «እጄን አመመኝ» ብቻ አትበል። «ተደግፌ ወደቅሁ፣ እዚች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያመኛል» ብለህ በጣትህ አሳይ። ለዚያች ቦታ የሚነሳው ራጅ ከተራው የእጅ ራጅ ይለያል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። የዚች አጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ሐኪሙ ከጠረጠረ እጅህን ያሳስርና ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ድጋሚ ራጅ እንድትነሳ ይቀጥርሃል። በዚያ ቀጠሮ መቅረት የለም። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ሲሆን «ተመስገን» ብሎ ይቀራል። ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ እናትህ ልምጣ። ወጌሻን አልንቅም። ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ጥበብ ያላቸው፣ ውልቃት በአንድ እጅ የሚመልሱ ሰዎች በሸዋ እንዳሉ ማን ያጣዋል? ግን ሦስት ቀን የሞላው፣ ስብራት ይኑረው አይኑረው ያልታወቀ እጅ አይታሽም። ማሸት የተሰነጠቀ አጥንትን ያንቀሳቅሳል፤ እብጠቱንም ያብሳል። ከማሸቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ማሰሩ ነው። በአገራችን እጅና እግር በቀርከሃና በጨርቅ ክፉኛ ተጠፍሮ ደም ተቋርጦበት፣ ሆስፒታል ሲደርስ መቆረጥ ግድ የሆነበት ሰው ብዙ ነው። ከእነሱም ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። የአገራችን ሐኪሞች ይህን ደጋግመው ጽፈዋል። አጥብቆ ማሰሩን ወጌሻም ያድርገው ጓደኛህ፣ ደም ሲቋረጥ ልዩነት የለውም።

እናትህን ግን አትጋፋት። ያስጨነቃት የአንተ ሕመም ነው። እንዲህ በላት፦ «እማዬ፣ መጀመሪያ ራጅ ልነሳ። አጥንቱ ደህና ከሆነ ያልሽውን እናደርጋለን።» አጥንቱ ደህና መሆኑ ከታወቀ በኋላ ለብ ያለ ጨርቅ ትያዝልህ። ቅቤ ልቀባህ ካለችም ትቀባህ፤ ሳታሽህ፣ ጭረቱንም ሳትነካ። ቅር አይላትም።

ጭረቱን ካነሳሁ አይቀር፣ አንተ በአንድ ቃል ነው ያለፍከው። የወደቅህበት መንገድ ጋሪ የሚመላለስበት ይመስለኛል፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የማይመላለስበትስ የቱ ነው? የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አፈር ውስጥና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ይኖራል። ጭረቱን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ እጠበው። የመጨረሻውን ክትባት ከወሰድክ 5 ዓመት ካለፈህ ወይም መቼ እንደተከተብክ ካላስታወስክ ጤና ጣቢያ ጎራ በልና ጠይቅ። አንዲት መርፌ ናት።

ኪኒኑን በተመለከተ ጓደኛህን አትስማው። ዳይክሎፌናክ መጥፎ መድኃኒት ነው ማለቴ አይደለም። ግን አሁን የነቢያት ጾም ነው። የምትጾም ከሆነ በባዶ ሆድ ነው የምትውጠው፤ እሱ ደግሞ ጨጓራን በጣም የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ጨጓራ ካለብህማ ሐኪም ሳታማክር አትንካው። ሁለተኛውና ዋናው ደግሞ ሕመም የሚነግርህ ነገር አለ። ስቲኩን ስታሳርፍ የሚወጋህ ሕመም «እዚህ ጋ ጫና አብዝተሃል» የሚልህ ምልክት ነው። ልትጫወት ስትል ካደነዘዝከው ማን ይነግርሃል? ማታ ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳህ ፓራሲታሞል ይበቃሃል። ለጨዋታ ብለህ ግን ምንም አትዋጥ።

እስከዚያው እጅህን ከፍ አድርገህ ያዝ፤ ስትተኛ ትራስ ላይ አሳርፈው። ቀለበት ካለህ ዛሬውኑ አውልቅ። እብጠቱ ከጨመረ ቀለበቱን በመጋዝ ማስቆረጥ ይመጣል። ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልለህ ለ15 ደቂቃ ያህል በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያዝበት። በረዶ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግህም፤ በታኅሣሥ የእናንተ የቧንቧ ውኃ ራሱ በረዶ ነው። በፋሻ መደገፍ ከፈለግህ ላላ አድርገው። ከዚያ የአውራ ጣትህን ጥፍር ተጫን። ነጭ ይሆናል። ስትለቀው በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀይ መልኩ ካልተመለሰ፣ ወይም ጣትህ ከደነዘዘ፣ ፋሻው ጠብቋል፤ ፍታው። ይህን ስታደርግ እጅህ በብርድ የደነዘዘ እንዳይሆን፤ የቀዘቀዘ ጣት በራሱ ይዘገያል።

ስለ ሥራህ ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ መልሴ ጎደሎ ይሆናል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከፑሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ መሮው ነው። ቀኝ እጅህ መዶሻውን ይዞ ግራ እጅህ መሮውን ሲያቅፍ፣ እያንዳንዱ ምት የሚያርፈው እዚያችው ያበጠች ቦታ ላይ ነው። ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል ፑል ስለተጫወትክ የማይመጣ ጉዳት ቀን ለስምንት ሰዓት ያህል መሮ ስትይዝ ይመጣል። ለአሠሪህ ንገረው። መቀባቱን፣ በአሸዋ ወረቀት ማለስለሱን፣ መለካቱን ለጥቂት ቀን አንተ ያዝ፤ መሮውንና መላጊያውን ሌላ ይያዝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አሠሪህ ቅር ቢለው እንኳ አሁን ቅር ይበለው። እጅህ እንጀራህ ነው።

እንግዲህ ሐኪም አይቶህ «አጥንቱ ደህና ነው፣ ወለምታ ነው» ካለህ፣ ገናም ገና ቀናት ይቀሩታልና፣ ደስ ብሎኝ ተጫወት እልሃለሁ። ሐኪሙ ካሰረው ወይም ለድጋሚ ራጅ ከቀጠረህ ግን ውድድሩ አለቀ፤ ቦታህን ለሌላ ስጥ።

የምትጫወተው ከሆነ አጨዋወትህን መቀየር አለብህ። በፑል ኳሱን የሚመታው ቀኝ እጅህ ነው። ግራ እጅህ አይንቀሳቀስም፤ ስቲኩን ተሸክሞ አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ነው ሥራው። ችግሩ አብዛኞቻችን ስቲኩን የምናሳርፈው አውራ ጣትን ከሌባ ጣት ጋር ገጥመን በምንሠራት ሸለቆ ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ አውራ ጣትህን ከሥራው አስወጣው። ግራ እጅህን ጨብጥ፤ አውራ ጣትህ ግን በጭብጡ ውስጥ አይግባ፣ ከጎን ዘና ብሎ ይረፍ። ጭብጡን ጨርቁ ላይ አሳርፍ። የሌባ ጣትህና የመሃል ጣትህ ጉብታዎች መካከል ጎድጓዳ አለች። ስቲኩን እዚያች ላይ አስኪደው። መጀመሪያ ያስቸግርሃል፣ ይንሸራተትብሃል። ውድድሩ ሳይደርስ ብቻህን ነጯን ኳስ ብቻ እያስኬድክ ተለማመድ። ከግድግዳው መታ አድርገህ ቀጥ ብላ ወደ ስቲክህ ጫፍ ከተመለሰች መስመሩን ይዘሃል።

ይህ አያያዝ ጉድለት አለው። ጭብጥ ከተዘረጋ እጅ ከፍ ስለሚል የነጯን ታችኛ ክፍል መምታት ይከብዳል። ወደ ኋላ እንድትመለስልህ የምትፈልጋትን ምት ለጊዜው እርሳት። መሃሏን ወይም ከመሃል ትንሽ ከፍ ብለህ ምታ። ነጯ ወደፊት እንድትከተል አድርገህ ቀጣይዋን ኳስ አስላ። አጨዋወትህ ትንሽ ቀለል ይላል፣ ግን ብዙ ጨዋታ የሚያልቀው በከባድ ምት ሳይሆን በትክክለኛ ምርጫ ነው። ግድግዳው ሥር ለተጣበቀች ነጭ ደግሞ ስቲኩን በቀጥታ እንጨቱ ላይ አሳርፈህ በሌባና በመሃል ጣትህ ከግራና ከቀኝ አቅፈው። እዚያ አውራ ጣት ጭራሽ አያስፈልግም።

ሩቅ ያለች ኳስ ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ አትንጠልጠል። ሰው ሲንጠራራ ክብደቱ በሙሉ የሚያርፈው በግራ እጁ ላይ ነው፤ አንጓህ የሚጎዳው ያኔ ነው። ጥርስ ያለው ማሳረፊያ ዘንግ ፑል ቤታችሁ ካለ እሱን ተጠቀም። ወጣቶች ያንን ዘንግ ማንሳት ይከብዳቸዋል፤ ለማይችል ሰው የተሠራ ይመስላቸዋል። ታላላቅ የዓለም ተወዳዳሪዎች በቴሌቪዥን ፊት ያለ ሀፍረት ያነሱታል። አንተም አንሳው።

ኳሶቹን የሚበትነውን የመጀመሪያ ምት ለጓደኛህ ተውለት። ያ ምት ሰውነት ሁሉ ወደፊት የሚወረወርበት ነው፤ ግራ እጅ ይደቆሳል። የጥንድ ጨዋታ መሆኑ በዚህ በጀህ። «በግራዬ ልምታ፣ በቀኜ ላሳርፍ» የሚል ሐሳብም ይመጣብህ ይሆናል፤ ተወው። ስቲክ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል። እሱን እየወዘወዘ የሚመታ አንጓ ከሚያሳርፍ አንጓ ይበልጥ ይደክማል።

ብርዱንም አትርሳ። ሸዋ ሮቢት ብትሆን ይህን አልጽፍልህም ነበር። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በታኅሣሥ ማታ በሩ ተከፍቶ የሚያድር ፑል ቤት ውስጥ ጣት ይደርቃል፤ የደረቀ ጣት ላይ ወለምታ ይብሳል። ተራህ እስኪደርስ እጅህን ጃኬትህ ውስጥ ክተት። ሻይ ስታዝ ብርጭቆውን በሁለት እጅህ ያዘው። ስትመታ ግን የሱፍ ጓንት አታድርግ፤ ስቲኩን ይይዘዋል። ጭረቱን በፕላስተር ሸፍነው። የስቲኩ ጫፍ የሚቀባው ጠመኔ ብናኝ አለው፤ ጨርቁም የስንት ሰው እጅ ያረፈበት ነው።

ውርርዱን ግን ሰርዝ። በዚህ ላይ አላመቻምችም። ገንዘብ ሲገባበት ሰው «አመመኝ፣ በቃኝ» ማለት ያቅተዋል። ጓደኛህ ከተቆጣ ደብዳቤዬን አንብብለት። መግቢያው የተከፈለ ነው፤ ጨዋታው በቂ ነው።

አንድ ጨዋታ ከጨረስክ በኋላ ቁጭ በልና እጅህን እይ። ሕመሙ ከጀመርክበት ከጨመረ ወይም ጣትህ መደንዘዝ ከጀመረ ያን ማታ ይብቃህ። እውነተኛው ፈተና ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ስትነቃ አውራ ጣትህ ከትናንት ይልቅ አብጦ ካገኘኸው ቀጣዩን ዙር አትጫወት። ስለዚህ ውድድሩ ሳይጀመር ዛሬውኑ ሂድና ባለቤቱን ጠይቀው፦ አንዱ ቢታመም ሰው መተካት ይቻላል ወይ? ከተቻለ አንድ ተቀያሪ ከሰፈር ልጆች መርጣችሁ ስሙን አስመዝግቡ።